ያውቁ ኖሯል? የደጋ ዳሞት ሽማግሌዎች ያስተማሩት ዶክተር

ከቡሬ ፍኖተ ሰላምን አልፈው ወደ ደጋው ሽቅብ ሲሉ የሚያገኙት ደጋ ዳሞት፣ በዓለም የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍሎች ስሙ የታወቀ አገር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አሜሪካዊው አለን ሆበን በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ገበሬው መሀል ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጠና። እ.ኤ.አ. በ1963 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘው በጎጃም ጥናቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ አማራ የመሬት ይዞታ የጻፈውን መጽሐፍ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተመለት፤ በኋላም በቦስተን ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል።

የዘመኑ ምሁራን ይበልጥ ያጠኑት በአባት ወይም በእናት ወገን ብቻ የሚቆጠርን ዘር ነበር። ጎጃሜ ግን በሁለቱም ይቆጥራል። ርስት ጠያቂው «አባቴ የእገሌ ልጅ፣ እናቱ የእገሊት ልጅ» እያለ እስከ አቅኚው አባት ይወጣ ነበር፤ መሀል ላይ ሴት አያት ብትገባም ሐረጉ አይበጠስም ነበር። ይከራከር የነበረው በወረቀት ሳይሆን በቃሉ ስለሆነ ትውልድ የሚያውቅ ሽማግሌ ትልቅ ክብር ነበረው። ለእኔ የዚያ ዶክትሬት እውነተኛ መምህራን እነዚያ ሽማግሌዎች ናቸው።

ርስት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ።