እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ
በጓሮ ጫጩት ለማስፈልፈል ለሚያስቡ ቤተሰቦች

የእንቁላል ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር በብዙ ቤት አንድ ሐሳብ ይነሳል፤ «ጓሮው ባዶውን ከሚቀመጥ ለምን ጥቂት ዶሮ አናረባም?» የሚል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሐሳቡ ወዲያው ያድጋል፤ ዶሮ ከመግዛት ይልቅ ጫጩት ከእንቁላል ስትወጣ ማየት ይፈለጋል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ቢሆንም በቤቴ ጫጩት ማስፈልፈል ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ስለሆነኝ፣ በመሥሪያ ቤታችን የሻይ ሰዓት ስለ መፈልፈያ ማሽን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው።

ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፦ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ጥያቄ ይመልሱ። አንደኛ፣ የሚፈልጉት እንቁላል ነው ወይስ ጫጩት ማሳደግ? እንቁላል ብቻ ከሆነ ለመጣል የደረሱ ቄቦችን መግዛት ይቀላል። ሁለተኛ፣ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናሉ፤ እነሱን ምን ሊያደርጓቸው ነው? ይህ ሳይመለስ ከተጀመረ መጨረሻው ከልጆች ጋር መኳረፍ ነው። መጀመሪያ ግን ወደ እንቁላሉ።

ለም እንቁላል ከየት ይገኛል?

ከሱፐርማርኬት ወይም ከሱቅ የሚገዛው የእርባታ ድርጅት እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ጫጩት አይወጣውም። እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያለ አውራ ዶሮ ስለሚያዙ እንቁላሉ ለምግብ እንጂ ለመፈልፈል አይሆንም። ባለሙያዎች «ለም እንቁላል» የሚሉት አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኘውን ነው፤ የሐበሻ ዶሮ ከሚያረባ ሰው ወይም ዘር ከሚያራቡ ድርጅቶች ሊያገኙት ይችላሉ።

ሲመርጡ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ቅርፁ የተስተካከለ፣ ያልተሰነጠቀና ንጹሕ የሆነውን ይያዙ። እንቁላሉን አይጠቡ፤ ውሃ የቅርፊቱን መከላከያ ሽፋን አንስቶ ጀርም እንዲገባ ያደርጋል። ከተጣለ ከአንድ ሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። እስኪታቀፍ ድረስ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያስቀምጡት፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን አይሁን።

እናት ዶሮ ወይስ ማሽን?

የሐበሻ ዶሮ የመታቀፍ ጠባይዋ አልጠፋም። እንቁላል መጣሏን አቁማ ጎጆዋ ላይ ውላ የምታድር፣ ሲጠጓት ላባዋን ነፍታ የምትቆጣ ከሆነ ለመታቀፍ ተዘጋጅታለች። ከ10 እስከ 12 እንቁላል በደንብ ትሸፍናለች። ጭድ የተነጠፈበት ሣጥን ጨለም ባለና ጸጥ ባለ ጥግ ያዘጋጁላት፣ ምግብና ውሃ በቅርብ ያድርጉላት። ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ ማገላበጡን ራሷ ትወጣዋለች፤ ከተፈለፈሉ በኋላም ጫጩቶቹን ታሞቃለች፣ ታስተምራለች። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ ለእንቁላል የተመረጡ ዝርያዎች ግን የመታቀፍ ጠባያቸው በጣም ስለቀነሰ ከእነሱ አይጠብቁ።

ማሽን ከመረጡ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር፣ አየር የሚያዘዋውር ማራገቢያ ያለውና እንቁላል የሚያገላብጥ ቢሆን ይመረጣል። እንቁላል ከመጨመርዎ በፊት ባዶውን አንድ ሙሉ ቀን አስነስተው ሙቀቱ እንደማይዋዥቅ ይመልከቱ። ፀሐይ በማይመታውና ነፋስ በማይገባበት ክፍል ያስቀምጡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ መሆኗንም አይርሱ። ከፍታ ባለበት ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ እንቁላል እርጥበቱን ቶሎ ያጣል። የማሽኑ የውሃ መያዣ እንዳይደርቅ በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል።

21ዱ ቀናት

የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈልጋል። ማራገቢያ ባለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሁን። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከ65 እስከ 70 በመቶ መሆን አለበት። ማሽኑ የማያገላብጥ ከሆነ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ በእጅዎ ያገላብጡ። በእርሳስ በአንድ በኩል «ሀ»፣ በሌላው በኩል «ለ» ብለው ቢጽፉበት የትኛው እንደተገላበጠ አይጠፋዎትም። ይህን ሥራ ለልጆች ቢሰጡ ያስደስታቸዋል፤ እጃቸውን በፊትም በኋላም መታጠባቸውን ብቻ ይከታተሉ።

በ7ኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍተው የስልክዎን ባትሪ ከእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ሥር ያብሩ። ሕይወት ያለው እንቁላል ከመሐሉ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀይ የደም ሥሮች ያሳያል። ጥርት ብሎ የሚታየው ባዶ ነውና ያውጡት። በ14ኛው ቀን ቢደግሙት አብዛኛው ክፍል ጠቁሮ፣ በሰፊው ጫፍ የአየር ክፍተቱ ብቻ ብሩህ ሆኖ ያገኙታል። የጫጩት ልብ በሁለተኛው ቀን መምታት እንደሚጀምር ለልጆችዎ ሲነግሯቸው ፊታቸውን ይመልከቱ።

ከ18ኛው ቀን በኋላ ማገላበጥ ይቆማል፣ ክዳኑም አይከፈትም። በ20ኛው ቀን ገደማ ጫጩቷ ገና ቅርፊቱ ውስጥ ሳለች ድምፅ ትሰማላችሁ። ከዚያ አንድ ትንሽ ስንጥቅ ትታያለች። ከዚህች ስንጥቅ እስከ መውጫዋ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ልጆች «እንርዳት» ይላሉ። አትርዷት። በዚያ ሰዓት የደም ሥሮቿ ከቅርፊቱ ሽፋን ገና እየተላቀቁ፣ የቀረው አስኳልም ወደ ሆዷ እየገባ ነው። ቅርፊቱን መላጥ ሊያደማትና ሊገድላት ይችላል። ያ አስኳል ስንቋ ስለሆነ ከወጣች በኋላ አንድ ቀን ያህል ባትበላም አትጎዳም፤ ላባዋ እስኪደርቅ ማሽኑ ውስጥ ትቆይ።

መብራት ሲጠፋ

በእኛ ከተማ ይህን ሳያስቡ ማሽን መግዛት አይቻልም። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሕግ ክዳኑን አለመክፈት ነው። የአየር ቀዳዳዎቹን ሳይደፍኑ ማሽኑን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ። ከቆየ ሙቅ ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በጎንና በጎኑ ያስደግፉ። ጥቂት ሰዓታት መቀዝቀዝ ሁልጊዜ ሁሉንም አይገድልም፤ መፈልፈያውን ቢያዘገይ ነው። ከመጠን ያለፈ ሙቀት ግን ከቅዝቃዜ ይልቅ ፈጥኖ ይገድላልና «ላካክስ» ብለው ሙቀቱን ከፍ አያድርጉ። የከሰል ምድጃ በዝግ ክፍል ማስገባት ደግሞ ለጫጩቱም ለቤተሰቡም አደገኛ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ላባ እስኪያወጡ መቀጠል ነው። ሰጋቱራ የተነጠፈበት ካርቶን ወይም ሣጥን ላይ የተንጠለጠለ አምፖል ለጥቂት ጫጩቶች ይበቃል። መብራት ለማያስተማምንበት ሰፈር የግብርና ባለሙያዎች ለዓመታት ሲያስተዋውቁት የኖሩት የገለባ ሣጥን አለ፤ በዙሪያው ጭድ የታጨቀበት ሣጥን ሲሆን ጫጩቶቹን በራሳቸው የሰውነት ሙቀት ያሞቃቸዋል።

ቴርሞሜትር ባይኖርዎት ጫጩቶቹ ራሳቸው ይነግሩዎታል። አምፖሉ ሥር ተከማችተው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ርቀው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ከበሉና ከተኙ ተስማምቷቸዋል።

ውሃው ጥልቀት በሌለው ዕቃ ይሁን፤ እንዳይሰምጡ ጥቂት ንጹሕ ጠጠር ይጨምሩበት። እስከ ሁለት ወር ለጫጩት የተዘጋጀ መኖ ይስጡ፤ ገና የተፈለፈለች ጫጩት በፍርፋሪ እንጀራ አታድግም። ካደጉ በኋላ የማጀት ትርፍራፊ ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ የሻገተ እንጀራና ዳቦ፣ ጨው የበዛበት ወጥና የአቮካዶ ልጣጭ ግን ለዶሮ መርዝ ነው። ጉዝጓዙ ሲረጥብ ወዲያው ይቀይሩት፤ ደም የቀላቀለ ኩስ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ እርጥብ ጉዝጓዝ ይወዳል። ማታ ማታ ደግሞ ሸለምጥማጥ፣ አይጥና ድመት የማያስገባ፣ በወንፊት ሽቦ የተዘጋ ቤትና ቆጥ ያስፈልጋቸዋል።

ፈንግልና የበዓል ዶሮ

ሰው ሁሉ በሽታው ሲመጣ «ፈንግል ፈጀብኝ» ይላል። አንገት የሚያጣምም፣ አረንጓዴ ተቅማጥ የሚያመጣና ትንፋሽ የሚያሳጥር ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። የመጀመሪያው ዙር፣ ኤችቢ ዋን የሚባለው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ ላሶታ የተባለው ከሳምንታት በኋላ በሚጠጣ ውሃ ይከተላል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ያበላሻልና ምን ዓይነት ውሃ እንደሚጠቀሙ የእንስሳት ሐኪሙን ይጠይቁ።

አንድ ብልቃጥ ብዙ ዶዝ ይይዛል፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ለዘጠኝ ጫጩት ብቻ መክፈት ብክነት ነው። እኛ ሰፈር አምስት ቤት ሆነን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት እናስከትባለን፤ ወጪው ይካፈላል፣ ከሁሉ በላይ ግን የጎረቤት ዶሮ ካልተከተበ የራስ ዶሮ መከተብ ግማሽ ሥራ ነው።

በሽታው ወደ ግቢ የሚገባበት ዋናው በር ደግሞ ገበያ ነው። ለበዓል የተገዛ ዶሮ እስኪታረድ ከቤቱ ዶሮዎች ጋር ሲለቀቅ፣ ከየአካባቢው ተሰብስቦ የቆየበትን በሽታ ይዞ ይገባል። የበዓሉን ዶሮ ለብቻው ያስሩት፤ ለማርባት የተገዛ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለይተው ያቆዩት። የሞተ ዶሮ ለውሻ አይጣል፤ በጥልቀት ይቀበር።

ሒሳቡ

እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ በወር 3.5 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ጥሩ ዝርያ በዓመት 300 ያህል፣ በወርም 25 እንቁላል ትሰጣለች። በሰፈርዎ የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋን በ3.5 ያባዙና ለ25 ያካፍሉ፤ የአንድ እንቁላል የመኖ ወጪ ይኸው ነው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስለምትጥል በተገዛ መኖ ብቻ አታዋጣም፤ የእሷ ጥቅም ጭራ መብላቷ፣ መታቀፏና ሥጋዋ ነው። ወጪውን በአምስት ወር ያስቡት፤ ዛሬ የተፈለፈለች ቄብ አብዛኛውን ጊዜ እስከዚያ ገደማ እንቁላል አትጥልም።

ግማሾቹ ወንዶች ናቸው

ባለፈው ዓመት ከ12 እንቁላል 9 ጫጩት አገኘን፤ አምስቱ ወንድ ሆኑ። የ7 ዓመት ልጄ ከአምስቱ ለአንዱ፣ አናቱ ላይ ቀይ ዘውድ ለደፋው፣ «ንጉሥ» የሚል ስም አወጣች። እንቁላል ለመጣል አውራ ዶሮ አያስፈልግም፤ ለመፈልፈልም አንድ አውራ ለአሥር ሴት ይበቃል። አምስት አውራ በአንድ ግቢ እርስ በርስ ይደማል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮም ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ፋሲካ ሲቃረብ የሚሆነው ይታወቅ ነበር።

እንቁላሉን ማሽን ውስጥ በጨመርንበት ቀን ለልጄ ነግረናት ነበር፤ ሴቶቹ ይቀመጣሉ፣ ከወንዶቹ አንዱ ይቀራል፣ ሌሎቹ ለበዓል ናቸው። «ጠፋ» ወይም «ሄደ» ብሎ መሸፋፈን የለም። ቀኑ ሲደርስ ግን ማወቅና መቻል አንድ አልሆኑም፤ አለቀሰች። ያን ጊዜ ጎረቤታችን እማማ፣ «ልጄ፣ የእናንተን ለእኔ ስጡኝ፣ የእኔን ውሰዱ። ያሳደጉትን መብላት ለልጅ ይከብዳል» አሉን። ተለዋወጥን። ንጉሥ ለዘር ይቅር ተብሎ ግቢያችን ቀረ፤ አራቱ ሄዱ። ልጄ በዓሉ ቀን ከዶሮ ወጡ እንቁላሉን ብቻ በላች። አላስገደድናትም።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሕጉ እንዲህ ሆኗል፦ ስም የሚወጣው ለሚቀሩት ብቻ ነው፤ የሚቀሩት ደግሞ ሦስት ወር ሞልቷቸው ጾታቸው በግልጽ ሲለይ ይታወቃሉ።

ከመጀመርዎ በፊት

• ለአውራዎቹ መድረሻ ይወስኑ፤ ለልጆችም በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ።
• ከበዓሉ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የሐበሻ አውራ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል፤ ለፋሲካ የታሰበ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መፈልፈል አለበት። ክረምቱ ስላለፈ ጉዝጓዙም ይደርቃል፤ የጥቅምት ሌሊት ብርድ ግን ጠንካራ ስለሆነ ሙቀቱ አይቋረጥ።
• ጎረቤትዎን ያነጋግሩ፤ ስለ ድምፁም፣ ስለ ሽታውም፣ ስለ ክትባቱም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ በረንዳ ላይ ዶሮ ማርባት ለማንም አይመችም።
• ጫጩት የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ልጆች ጫጩት እንዳይስሙ ይከልክሉ። ሳልሞኔላ ከጤነኛ መስላ ከምትታይ ጫጩትም ይተላለፋል።
• በመጀመሪያው ዙር ከ12 እንቁላል አይበልጡ። አባቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለሚቸኩል ሰው ነው።