የኮርማን ዘር በብርድ ስለ መጠበቅ

ከጭላሎ ተራራ በስተደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በበቆጂ፣ ገብስ በሚያሽትበት ወራት የሌሊት ውርጭ የገበሬው ትልቅ ሥጋት ነው፤ ውርጭ የመታው እሸት ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራልና። ነገር ግን በዚያው አገር ላሞችን ለማዳቀል የሚመጣው የኮርማ ዘር ከዘመን ወደ ዘመን በሕይወት የሚሸጋገረው፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚወርድ ብርድ ውስጥ ተጠብቆ ነው። ብርድ በአንድ በኩል ገዳይ፣ በሌላ በኩል ጠባቂ የሚሆንበት ምሥጢር ከብት አርቢውም ወተት ጠጪውም ሊያውቀው የሚገባ ነው።

የሕያው ሕዋስ አካል አብዛኛው ውሃ ነው። ብርዱ ድንገት ሲበረታ በውስጡ ያለው ውሃ የበረዶ ቅንጣት እየሆነ ስስ ሽፋኑን ይቀድደዋል፤ እጅግ በዝግታ ሲመጣ ደግሞ በውጭ ያለው ውሃ አስቀድሞ ይረጋና፣ የቀረው ጨው በርትቶ የሕዋሱን እርጥበት መጥጦ ያደርቀዋል። ኢጣልያዊው ሊቅ ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1776 በበረዶ የቀዘቀዘ ዘር እንቅስቃሴውን እንደሚያቆም ተመልክቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ በሁለቱ ጥፋቶች መካከል የሚያሳልፍ መንገድ እስኪገኝ ድረስ ከ170 ዓመት በላይ አለፈ። በ1949 ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሎንዶን የዶሮ ዘር ሲመረምሩ፣ በብልቃጥ ላይ የተጻፈው ስም በውስጡ ካለው ነገር ጋር ባለመስማማቱ ምክንያት፣ ግሊሰሮል የተባለው ጣፋጭና ዝልግልግ ፈሳሽ ዘሩን ከብርድ ጉዳት እንደሚጠብቅ ደረሱበት። ግሊሰሮል ወደ ሕዋሱ ዘልቆ የውሃውን ስፍራ በመጋራት በረዶው እንዳይበዛ፣ ጨውም እንዳይበረታ ያደርጋል። በ1951 በረዶ ሆኖ ከቆየ የኮርማ ዘር የተፀነሰ ጥጃ በእንግሊዝ አገር ተወለደ።

ዛሬ ከኮርማው የሚወሰደው ዘር አስቀድሞ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል፤ ቀጥሎም ከእንቁላል አስኳል፣ ከግሊሰሮልና ከጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተሰናዳ ፈሳሽ ይበረዛል፤ አስኳሉ የሕዋሱን ሽፋን ከመጀመሪያው የቅዝቃዜ ድንጋጤ የሚከላከል ነው። በአንድ ጊዜ ከተገኘው ዘር፣ እያንዳንዳቸው ሩብ ወይም ግማሽ ሚሊ ሊትር የሚይዙ በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቀሰሞች ይሞላሉ፤ እነዚህም በናይትሮጅን እንፋሎት ከቀዘቀዙ በኋላ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይጠመቃሉ። በዚያ ብርድ ማናቸውም ኬሚካዊ ለውጥ ስለሚቆም ዘሩ አያረጅም፤ ኮርማው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላም ልጁ ሊወለድ ይችላል።

በቆጂ በምትገኝበት በአርሲ ይህ የማዳቀል ሥራ የተስፋፋው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ አሰላ ላይ ከተቋቋመውና ካዱ እየተባለ ከሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ጀምሮ ነው። ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ፣ በ1983 ባወጣው ጥናት፣ በአሰላ የአርሲ ላም በአንድ የወተት ዘመኗ ወደ 800 ኪሎ፣ ከአርሲ ላምና ፍሪዥያን ከተባለው የባዕድ ዝርያ ኮርማ የተወለደችው ድቅል ግን ወደ 2,000 ኪሎ የሚጠጋ ወተት መስጠቷ ተመዝግቧል። በ1984 ደግሞ የብሔራዊው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል በአዲስ አበባ ቃሊቲ ተቋቋመ።

ነገር ግን የሊቃውንቱ ድካም ሁሉ የሚፈተነው በመጨረሻው ሰዓት፣ በላሚቱ በረት ነው። አዳቃዩ ቀሰሙን ከናይትሮጅኑ ዕቃ አንገት በላይ ሳያወጣ በመቆንጠጫ ይለያል፤ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ከዜሮ በታች 130 ዲግሪን ካለፈ የበረዶው ቅንጣት እንደገና ማደግ ይጀምራልና። ከዚያም ለብ ባለ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያቀልጠዋል፤ ጠብታ ውሃ ዘሩን ስለሚገድል አድርቆ ይቆርጠውና በማዳቀያው በትር ውስጥ ይከተዋል። በበቆጂ ማለዳ ግን ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፦ በ196 ዲግሪ ብርድ ያልሞተው ዘር አንዴ ከቀለጠ በኋላ የደጁ ቅዝቃዜ ይበቃዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ አዳቃይ በትሩን በልብሱ ውስጥ ከገላው አስጠግቶ እያሞቀ ወደ ላሚቱ ይሄዳል።

የቀረው የባለ ከብቱ ድርሻ ነው። ላም በ21 ቀን አንድ ጊዜ ያህል ለድራት ትደርሳለች፤ ሌላ ከብት ሲጫናት ጸንታ መቆሟም የታመነ ምልክት ነው። ማለዳ የታየችው ላም ማታ፣ ማታ የታየችውም በማግስቱ ማለዳ ትዳቀላለች። ይህ ሰዓት ሰንበትንና በዓልን ስለማያውቅ፣ አገልግሎቱ በሥራ ቀን ብቻ የተወሰነ እንደሆነ፣ ናይትሮጅኑም ተንኖ ሳይተካ የቀረ እንደሆነ፣ አርሶ አደሩ የሦስት ሳምንት ያህል ወተት ያጣል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ሊታሰብ ይገባል። ድቅሊቱ ወተት የበዛላት ከፍሪዥያን አባቷ ብቻ ሳይሆን ከአርሲ እናቷም የወረሰችው ጽናት ስላለ ነው፤ የአርሲ ከብት ለደጋው ብርድ፣ ለመኖ እጥረትና ለሞፈር የተፈተነ ዘር ነውና። ላሞቹ ሁሉ ትውልድ እየተከተለ ከባዕድ ኮርማ ከተዳቀሉ፣ ለወደፊቱ መዳቀል መሠረት የሚሆነው እናት ዘር ራሱ ያልቃል። እንግዲህ የባዕዱን ዘር ያመጣልን ጥበብ የአገሩንም እንዲጠብቅ፣ ከተመረጡ የአርሲ ኮርማዎች የሚወሰድ ዘር ከፍሪዥያኑ ጎን በዚያው ናይትሮጅን ውስጥ ሊቀመጥ ይገባዋል። ይህ ሥራ ዛሬ በጥቂት ወጪ የሚፈጸም ሲሆን፣ ዘሩ ከጠፋ በኋላ ግን በምንም ዋጋ አይገኝም።