በረንዳው ሳያልቅ የተገባበት ቤት

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ውስጥ የተጠናቀቀ ቤት ማየት ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ኪራይ ያማረረው ቤተሰብ ጣሪያው እንደተመታና ሊሾው እንደደረቀ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ይገባል፤ የቀረው «ቀስ እያለ» ይሠራል። ቀስ እያለ ከሚሠራው ሁሉ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ የደረጃና የበረንዳ መደገፊያ ብረት ነው። የግቢው በር እንኳ ይቀድመዋል፣ ያውም በጌጥ ተሠርቶ።

እስከዚያው ባለው ጊዜ ልጅ ይወለዳል፣ ይድሃል፣ መራመድ ይጀምራል።

«ልጅ ወድቆ ነው የሚያድገው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። እግሩን የሚያሟሽ ሕፃን በቀን ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ በሜዳ ላይ እስከሆነ ድረስ «እኔን!» ተብሎ፣ ተነስቶ፣ ይረሳል። ስህተቱ ይህንኑ አባባል መደገፊያ ለሌለው ደረጃ ማዋሉ ነው። የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅና ከባድ ስለሆነ ከከፍታ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ በጭንቅላቱ ነው የሚያርፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውደቅ ምክንያት በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ሳይታሰቡ ከሚደርሱ አደጋዎች መካከል የሚበልጠው የመኪና አደጋ ብቻ ነው። ድርጅቱ ከዩኒሴፍ ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ በመውደቅ የሞቱት ከ20 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ወጣቶች ወደ 47 ሺህ ይጠጋሉ።

«ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሳም» የምትል እናት እውነቷን ነው፤ ግን ወጥ እየሠራች፣ ልብስ እያጠበች፣ በር ሲንኳኳ እየከፈተች ነው። አንዳንዴ ጠባቂዋ ራሷ የስምንት ዓመት እህት ናት። ሕፃን ሲወድቅ መልአክ ይይዘዋል የሚሉ አያቶችም አሉ፤ እምነታቸው እንደተከበረ፣ ብረቱን ማስገጠም ይህን እምነት አይቃረንም።

የኒው ዮርክ ከተማ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እዚያ ልጆች ከፎቅ መስኮት እየወደቁ ሲያስቸግሩ፣ ጤና መምሪያው በ1972 እ.ኤ.አ. «ልጆች መብረር አይችሉም» የሚል ዘመቻ ጀመረ። ለወላጆች ምክር ብቻ አልሰጠም፤ የመስኮት መከላከያ ብረት በነፃ አደለ። ብሮንክስ በተባለው ክፍለ ከተማ በ1973 እና በ1975 መካከል ሪፖርት የተደረገው የመውደቅ አደጋ በግማሽ ቀነሰ። በ1976 ጉዳዩ ሕግ ሆነና ግዴታው በአከራዮች ላይ ወደቀ። የኒው ዮርክ እናቶች በሁለት ዓመት ውስጥ ድንገት ንቁ አልሆኑም፤ የተለወጠው መስኮቱ ነው።

መደገፊያውን መሥራት ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ በያጆች ከባድ አይደለም። ቱቦላሬው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አግድም የተበየደ ብረት ለልጅ መሰላል ነው። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ይኸውም የአዋቂ መዳፍ ከነአውራ ጣቱ የሚያህል ነው። ሰውነቱ የሾለከበት ልጅ ጭንቅላቱ ሊቀረቀር ይችላልና። ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቆርቆሮም ያገለግላል፤ አያምርም፣ ግን ይይዛል። በረንዳው ላይ የተደረደረ ጀሪካን፣ በርጩማና ሳጥን ከግድግዳው ጥግ ይሁን እንጂ ከመደገፊያው ሥር አይቀመጥ። የመጸዳጃ ጉድጓድና ለመሠረት የተቆፈረ ቦይም እንዲሁ ይከደን፤ ክረምት ገብቶ ውሃ ሲሞላው ጥልቀቱ ከላይ አይታይም።

«ገና አይገላበጥም» ተብሎ አልጋ ጠርዝ ላይ የሚተኛ አራስ ልጅም አለ። መገላበጥ የማይችል ሕፃን ግን በእግሩ እየገፋ ይንቀሳቀሳል፤ የመጀመሪያ ግልብጡም ቀጠሮ አይሰጥም። ለአፍታ ዞር ማለት ካስፈለገ መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ይሻላል።

ባለ ጎማው የሕፃናት መራመጃ፣ ዎከር፣ «እግሩን ያጠነክራል» ተብሎ ይገዛል። ነገሩ ተቃራኒው ነው፦ መራመድን አያፋጥንም፣ እንዲያውም ሊያዘገይ ይችላል። ጎማው ሕፃኑን በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ስለሚያስኬደው ደረጃው ላይ ወይም ከሰል ምድጃው ላይ ከእናቱ ቀድሞ ይደርሳል። በአሜሪካ ከ1990 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ከ230 ሺህ በላይ ሕፃናት በዎከር ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የወደቁት ከደረጃ ነበር። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ከልክላለች። ለሱሉልታ ብርድ ቤት ውስጥ የሚገባው ከሰልና ወለል ላይ የሚቀመጠው ጀበና ዎከር ለሌለውም ልጅ ያሰጋሉ፤ ተደናቅፎ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነውና።

ከወደቀ በኋላስ? «እንዳታስተኙት» የሚለው ምክር በየሰፈሩ ይሰማል። አልቅሶ ዝም ያለ፣ የሚጫወትና የሚያውቃቸውን የሚለይ ልጅ በተለመደው ሰዓቱ ቢተኛ እንቅልፉ አይጎዳውም፤ እየሄዱ ማየት ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ዓመት ያልሞላው ከሆነ ምልክት ባይታይም ማሳየቱ ይመረጣል። እብጠቱን በቅቤ ማሸት አያስፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይበቃዋል።

እጅ ወይም እግር ከተሰበረ ብዙው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የሚታወቅ ሰው ነው። አደጋው ያለው እስራቱ ላይ ነው፤ የተጎዳ አካል ያብጣል፣ ጠብቆ የታሰረው ቀርከሃ ግን አይሰፋም። ደም መዘዋወሩ ሲቆም ሥጋው ይሞታል፤ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም በዚሁ ሰበብ የልጅ እጅ ለመቁረጥ የተገደዱበት ጊዜ አለ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እስራቱ በዚያው ቅጽበት ይፈታል፣ ሌሊትም ቢሆን ጉዞ ይጀመራል። ከሰበታ ለሚመጣ አለርት ሆስፒታል መንገዱ ላይ ነው፤ ከቡራዩና ከሱሉልታ ለሚነሳ ጳውሎስ ይቀርባል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።