የነዳጅ ግፊትን መምራት፦ የባለ ቱርቦ መኪና የነዳጅ ሥርዓት ሲሻሻል
(በኩየራ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር)



በአንድ ስሕተት ልጀምር፤ ስሕተቱም የራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት ባለ ቱርቦ የቤንዚን መኪናውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ቱርቦውን በትልቅ ቀይሮ፣ ጠንካራ የነዳጅ ፓምፕም አስገብቶ ነበር። «ዶክተር፣ ግፊቱን አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አለኝ። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲሠራ፣ መለኪያው ልክ 3 ባር አነበበ። በመጽሐፍ የተጻፈው ቁጥርም 3 ባር ነበርና «መልካም ነው» ብዬ አሰናበትሁት። በዚያው ሳምንት ከዚህ ተነሥቶ ወደ አርሲ ነገሌ ሲጓዝ፣ አንድ የጭነት መኪና ለመቅደም ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረገጠ። ሞተሩ ተንኳኳ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ቴስታታው ሲነሣ ከፒስቶኖቹ አንዱ አናቱ ቀልጦ ተገኘ። ያ ልክ የመሰለኝ 3 ባር የብልሽቱ ምልክት እንደ ነበር የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንደ ሆነ ዛሬ ላስረዳችሁ።

ከመቂ እስከ ባቱ ባለው መንገድ ዳር ገበሬው በሞተር ፓምፕ ውኃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያጠጣ አይታችኋል። ፓምፑ ሳይቀየር የቱቦውን አፍ ወደ ላይ ብታነሡት ውኃው ይደክማል። ፓምፑ አልደከመም፤ የሚገፋው ተቃራኒ ኃይል ጨመረ እንጂ። ኢንጀክተርም እንዲሁ ነው። ከኋላው ነዳጁ ይገፋዋል፤ ከፊቱ ደግሞ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው አየር ይመልሰዋል። ወደ ሞተሩ የሚገባውን የነዳጅ መጠን የሚወስነው የእነዚህ የሁለቱ ልዩነት ነው።

ቱርቦ በሌለው ሞተር የማኒፎልዱ አየር ከውጭው አየር አይበልጥም። ቱርቦ ሲኖር ግን አየሩ ታምቆ ይገባል። መነሻው ግፊት 3 ባር ሆኖ ቱርቦው 1 ባር ቢጨምር፣ ነዳጁም 1 ባር ጨምሮ 4 ባር ካልሆነ ልዩነቱ ወደ 2 ይወርዳል። የነዳጁ ፍሰት ከልዩነቱ ካሬ ሥር ጋር ስለሚሄድ፣ ልዩነቱ ከ3 ወደ 2 ሲወርድ ሞተሩ ከሚጠብቀው ነዳጅ 18 በመቶ ያህሉን ያጣል። ያውም አየሩ በበዛበት፣ ሙቀቱም በከፋበት ሰዓት ነው። የቤንዚን ሞተር በጭነት ላይ ነዳጅ ሲያንሰው ድብልቁ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ፒስቶንም የሚቀልጠው በዚህ ነው።

ይህ እንዳይሆን መሐንዲሶች አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ከማኒፎልዱ ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው፣ ማለትም ወደ ሬጉሌተሩ፣ ዘርግተዋል። በእርሷ አማካይነት ሬጉሌተሩ የማኒፎልዱን ግፊት ይሰማል፤ አየሩ 1 ባር ሲጨምር ነዳጁን 1 ባር ይጨምራል፣ ሲቀንስም ይቀንሳል። በሚኒሞ ጊዜ የማኒፎልዱ ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነውና፣ ቱቦዋ በትክክል ከተሰካች መለኪያው ከ3 ባር በታች ማንበብ አለበት፤ በእኛ ከፍታ 2.5 አካባቢ። የተማሪዬ መኪና በሚኒሞ 3 ባር ማንበቧ ቱቦዋ ተሰንጥቃ አየር እንደምትስብ፣ ሬጉሌተሩም ማኒፎልዱን እንደማይሰማ ይናገር ነበር። እኔ ግን ቁጥሩን አየሁ እንጂ ንግግሩን አልሰማሁም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥርዓት ይህ ነው፦ መነሻውን ግፊት ስታስተካክሉ ቱቦዋን ከሬጉሌተሩ ንቀሉ፣ ከማኒፎልዱ የሚመጣውን ጫፏንም ድፈኑ፣ ከዚያም 3 ባር አድርጉ። መልሳችሁ ስትሰኩ መለኪያው ዝቅ ማለቱን አረጋግጡ። ዝቅ ካላለ መኪናዋ ከጋራዥ አትውጣ።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ። ኩየራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር ገደማ ሲሆን በጅቡቲ ወደብ 1 ባር ያህል ነው። በአንዳንድ መኪኖች ሬጉሌተሩ በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ይቀመጥና ማኒፎልዱን ሳይሆን የውጭውን አየር መነሻ ያደርጋል። እንዲህ ባለች መኪና ላይ ቱርቦው በሁለቱም ቦታ ከባዶ ተነሥቶ ሲቆጠር 1.8 ባር አየር ለሞተሩ ቢሰጥ፣ የነዳጁ ልዩነት በጅቡቲ 2.2፣ በኩየራ ግን 2.0 ባር ይሆናል። የመኪናዋ ኮምፒውተር ይህንን እንዲያሰላ ካልተዘጋጀ፣ ወደብ ላይ በጥሩ ሁኔታ የተስተካከለች መኪና እዚህ ስትደርስ 5 በመቶ ያህል ነዳጅ ይጎድላታል። ማኒፎልዱን የሚሰማ ሬጉሌተር ግን በሁለቱም ቦታ ልዩነቱን 3 ባር ላይ ይጠብቃል። ቱርቦ ለሚጨምር ሰው እርሱን የምመክረው ስለዚህ ነው።

ብዙዎች «መነሻውን ግፊት ከፍ ባደርገውስ?» ይላሉ። ጥቂት ይረዳል፤ ሩቅ ግን አያስኬድም። ከ3 ወደ 4 ባር ብናሳድገው ፍሰቱ የሚጨምረው 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፍሰቱን እጥፍ ለማድረግ ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም 12 ባር መሆን አለበት፤ ይህንንም ተራ የቤንዚን ፓምፕም ሆነ ኢንጀክተር አይችለውም። ፓምፕ ደግሞ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የሚያፈስሰው መጠን ይቀንሳል። መነሻው 4 ሆኖ ቱርቦው 1 ሲጨምርበት ፓምፑ 5 ባር ላይ ይሠራል። ስለዚህ ፓምፕ ስትገዙ ሻጩ የሚነግራችሁን ትልቁን ቁጥር ሳይሆን፣ በምትሠሩበት ግፊት ላይ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ጠይቁ። ብዙ ነዳጅ የሚያስፈልግ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ሰፋ ያለ ኢንጀክተርና ከእርሱ ጋር የተስማማ የኮምፒውተር ማስተካከያ ነው።

ፓምፑም ብቻውን አይሠራም። ያረጀና የዛገ የኤሌክትሪክ ገመድ ከባትሪው የሚመጣውን ቮልት በመንገድ ይበላል፤ ፓምፑም በጭነት ሰዓት ይደክማል። ጠንካራ ፓምፕ የራሱ ወፍራም ገመድ፣ ሬላይና ፊውዝ ይሻል። የነዳጅ ፊልትሮ ከተደፈነ በሚኒሞ አይታወቅም፤ ሲረገጥ ግን ግፊቱን ይጥላል። የመመለሻው ቱቦ ከጠበበ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ በሚኒሞ ትርፉ ነዳጅ ወደ ታንኩ መመለስ ስለማይችል ግፊቱ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚንም ይሸታል።

በዚህ አካባቢ ከሚመላለሱት ባለ ቱርቦ መኪኖች ብዙዎቹ የናፍታ ናቸውና ስለ እነርሱም አንድ ቃል ልጨምር። በናፍታ ሞተር አደጋው ይገለበጣል፤ ሞተሩን የሚያቃጥለው የነዳጅ ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነው። ፓምፑን «ከፍቶ» ጥቁር ጭስ ማስወጣት ጉልበት ይመስላል፤ የጢሱ ጥቁረት ግን ያልነደደ ነዳጅና ከመጠን ያለፈ ሙቀት ምልክት ነው። በአዳዲሶቹ የናፍታ ሞተሮች ደግሞ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ፣ ሞተሩ እየሠራ ቱቦ ማላላት ወይም የሚፈስሰውን በእጅ መፈለግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ጨረሩ ቆዳ በስቶ ይገባል።

የመጨረሻውና ዋናው ሥርዓት፣ መለኪያውን በጭነት ሰዓት መመልከት ነው። ግፊት የሚፈተነው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ አይደለም። ለግፊቱ የተሠራ የነዳጅ ቱቦ ተጠቀሙ፤ መለኪያው ከመኪናው ውስጥ እንዲነበብ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይሁን እንጂ ቤንዚን የያዘ ቱቦ ወደ ተሳፋሪ ክፍል አይግባ። አንዱ ሲነዳ ሌላው ያንብብ፤ የእሳት ማጥፊያም አይጥፋ። የቱርቦው ግፊት ሲጨምር የነዳጁም በእኩል መጠን ከጨመረ ሥራው አምሯል። ነዳጁ ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ ወዲያው እግር ይነሣ።

ይህን ሁሉ የምናገረው ስለ ፍጥነት ጓጉቼ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ምትካቸው በቀላሉ አይገኝም። ያ ወጣት መኪናውን ለማስጠገን ወራት ፈጀበት። ሊወቅሰኝ ሲገባው እርሱ እኔን አጽናናኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እኔም በአምስት ደቂቃ ያፈሰስሁትን እየለቀምሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ሰው የነዳጅ ግፊት ቁጥር ሲነግረኝ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብዬ ሳልጠይቅ መልስ አልሰጥም። እናንተም ይህችን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ሥራችሁ ብትመለሱ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ አፍርቷል እላለሁ።