ቢጫው ልብስ ምን አጠፋ?

ሱፐርማን በ1938 እ.ኤ.አ. ብቅ ሲል የኮሚክ መጽሐፍ የሚታተመው በርካሽ ወረቀት፣ በአራት ቀለም ነበር። በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ ደማቅና ወጥ ቀለም ጎልቶ ይወጣል፤ የጨርቅ ሽመናና ስስ ጥላ ግን ይጠፋል። ከሰርከስ ጉልበተኞች የተወሰደው፣ ከላይ የሚታጠቀው ቀይ ቁምጣም ለዚሁ ወረቀት የተስማማ ነበር። ይህ ልብስ ሲኒማ ውስጥ ሲገባ አሳፋሪ ሆኖ የታያቸው ብዙ ፊልም ሠሪዎች ጥፋቱን በቀለሙ ላይ ጣሉ። በ2000 የወጣው «ኤክስ-ሜን» ጀግኖቹን ጥቁር ቆዳ አለበሳቸው፤ በ2013 «ማን ኦፍ ስቲል» ቁምጣውን አስቀረ። እኔ ግን ቀለሙ ያለ ጥፋቱ ተወቀሰ እላለሁ።

አንጎላችን አንድ ነገር ከምን እንደተሠራ ሲገምት ቀለሙን ብቻ አይመለከትም፤ ብርሃን ሲያርፍበት የሚሆነውን ያነባል። ሐር ብርሃንን በጠባቡ ያንጸባርቃል፤ ሱፍ ይበትነዋል፤ ቆዳ ክርኑ ላይ ሲታጠፍ የሚያወጣው መጨማደድ የስስ ጨርቅ አይደለም። ሰውነት ላይ ልጥፍ ያለ፣ ስፌት የሌለው ወጥ ጨርቅ ግን ዓይን ውፍረቱንና ክብደቱን የሚገምትበትን ምልክት ሁሉ ይነሳል። ጥቁሩን ቆዳ ያዳነው እንግዲህ ነጸብራቁና እጥፋቱ ነው። የ2002ቱ «ስፓይደርማን» ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ ቀዩንና ሰማያዊውን እንዳለ ይዞ የድሩን መስመር ከጨርቁ ከፍ አድርጎ ሠራው፣ የጡንቻውንም ጥላ ጨርቁ ላይ አተመው። ጥላ የያዘ ቀይ ልብስ ለመታመን መጥቆር አላስፈለገውም።

የጨርቁ ገጽታ ብቻውን ይበቃል ማለቴ ግን አይደለም። የ1989ኙ የባትማን ልብስ ጥቁርም ገጽታ ያለውም ነበር፤ ነገር ግን ጭምብሉ ከአንገቱ ጋር ወጥ ሆኖ በመሠራቱ ተዋናዩ ዘወር ለማለት ትከሻውን አብሮ ማዞር ነበረበት። ሰው እንዴት ዘወር እንደሚል ዓይናችን ከሕፃንነት ጀምሮ ስለሚያውቅ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። በ2008 «ዘ ዳርክ ናይት» ጭምብሉን ከአንገቱ ለየው፤ ታሪኩ ውስጥም ባትማን ራሱ አንገቱን ለማዞር የሚያስችል አዲስ ልብስ ሲጠይቅ እናያለን።

«የ2000 ተመልካች ደማቅ ቀለም ለመቀበል አልተዘጋጀም ነበር፤ ዛሬ የተለወጠው ልማዱ ነው» የሚል ይኖራል። ልማድ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ቢሆንም የ«ኤክስ-ሜን» ተዋናይ ሂው ጃክማን በ2024 የኮሚኩን ቢጫ ልብስ ለብሶ ሲመጣ የለበሰው ያንን ወጥ ጨርቅ አልነበረም፤ ስፌቱ የሚታይ፣ ወፈር ያለ ልብስ ነበር። በ2025 ቀይ ቁምጣውን መልሶ የታጠቀው ሱፐርማንም እንዲሁ፤ ሰማያዊ ልብሱ ላይ የስፌት መስመሮች አሉ፣ ሲንቀሳቀስም ጨርቁ ይጨማደዳል።