መለኪያውን የጣለ ቁጥር

እ.ኤ.አ. በ1886 በአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ የተፈጠረው ኮካ ኮላ ዛሬ ከ200 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ይሸጣል። ሽያጩ በአንዱ አገር በብር፣ በሌላው በናይራ ወይም በየን ይመዘገባል፤ መጠጡም በየገበያው ልዩ ልዩ መጠን ባላቸው ጠርሙሶችና ጣሳዎች ይቀርባል። ታዲያ ዋና መሥሪያ ቤቱ እስካሁን በአትላንታ የሚገኘው ኩባንያ የዓለም ሽያጩ ማደጉን ወይም መቀነሱን ለማወቅ ምኑን ከምን ጋር ይደምራል?

ይህ ጥያቄ ዳታ ዌርሃውስ ለሚባለው የመረጃ መጋዘን መሠረታዊ ነው። መጋዘኑ ከብዙ ቅርንጫፎች የተሰበሰበ መረጃ ለትንተና የሚቀመጥበት የኮምፒውተር ማከማቻ ነው። ኮምፒውተር ግን ቁጥሩን እንጂ ትርጉሙን አያውቅም፤ 500 ብርንና 500 ዶላርን ደምር ቢባል ያለ አንዳች ማንገራገር 1,000 ብሎ ይመልሳል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከጋራ መለኪያ ነው። ኮካ ኮላ የሽያጭ መጠኑን የሚገልጸው ዩኒት ኬዝ በተባለ መስፈርት ነው፤ አንዱ ዩኒት ኬዝ 192 የአሜሪካ ፈሳሽ አውንስ ወይም 5.68 ሊትር ያህል ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትር 24 ጠርሙሶችን የያዘ ሳጥን 7.2 ሊትር ስለሚሆን ወደ 1.27 ዩኒት ኬዝ ይጠጋል። በሳጥን ብቻ ቢቆጠር ግን ትልቁም ትንሹም እኩል አንድ ይሆናሉ።

የገንዘብ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የሊትር ልክ አይለወጥም፤ ምንዛሪ ግን ይለዋወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገችበት ዕለት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ዶላር የሚመነዘርበት ዋጋ ከ57.48 ብር ወደ 74.73 ብር አሻቀበ። ለአብነት ያህል፣ የአንድ ሚሊዮን ብር ሽያጭ በፊተኛው ተመን 17,397 ዶላር ሲሆን በኋለኛው 13,382 ዶላር ብቻ ነው። የተሸጠው መጠጥ በአንድ ጠርሙስ እንኳ ሳይጎድል፣ በዶላር የተሰላው ሪፖርት የ23 በመቶ ቅናሽ ያሳያል። ይህን ብቻ የተመለከተ ሥራ አስኪያጅ ገበያው ተዳክሟል ብሎ ሠራተኛ ሊቀንስ ይችላል።

ስለዚህ መጋዘኑ ሲነደፍ እያንዳንዱ የገንዘብ መጠን ከሦስት ነገሮች ጋር ይመዘገባል፦ ከመጀመሪያው ገንዘብ ዓይነት፣ ከግብይቱ ቀን እና በዚያ ቀን ከነበረው የምንዛሪ ተመን ጋር። ወደ ዶላር የተለወጠው ሒሳብ የመጀመሪያውን ሳይሽር ለብቻው በሌላ ዓምድ ይቀመጣል። ሽያጭ ይደመራል፤ ተመንና የነጠላ ዋጋ ግን አይደመሩም፤ ይህም በእያንዳንዱ መለኪያ ፍቺ ውስጥ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ሁለት ዓመታትን ለማነጻጸር ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቋሚ ተመን ማስላት የተለመደ ዘዴ ነው። ኮካ ኮላም ለባለአክሲዮኖች በሚያቀርበው ሪፖርት የምንዛሪ ለውጥ ያስከተለውን ውጤት ነጥሎ ያሳያል። በዚህ መንገድ ለውጡ ከገበያው ይሁን ከምንዛሪው የመጣ ተለይቶ ይታወቃል፤ ውሳኔውም በትክክለኛው ምክንያት ላይ ይመሠረታል።