የኦቲዝም ምልክቶችና ባህርይን ደረጃ በደረጃ የማስተማር ዘዴ

ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ በልጅነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሁኔታ ነው። ምልክቶቹ በሁለት በኩል ይታያሉ። አንዱ ከሰው ጋር በመግባባት ነው፤ ልጁ በስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ ውኃ ሲጠማው በጣቱ ከማሳየት ይልቅ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትታል። ሌላው በድግግሞሽና በስሜት ሕዋሳት በኩል ነው፤ መጫወቻ መኪናውን ገልብጦ ጎማውን ሲያሽከረክር ይውላል፣ እጁን ያርገበግባል፣ የለመደው መንገድ ሲቀየርበት ያለቅሳል፣ ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ይደፍናል። የጀመራቸውን ቃላት በሁለተኛ ዓመቱ ገደማ የሚተው ልጅም አለ።

ዘመድ አዝማድ ታዲያ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እያለ ያጽናናል። ማጽናኛው ከቅንነት ቢመጣም ውድ ጊዜ ያባክናል። ንግግር ብቻ የዘገየበት ልጅ በጣቱ ያመለክታል፣ ያገኘውን ያሳያል፣ የሰው አድራጎት ይኮርጃል። ይህ ሁሉ ሲጎድል ዝም ብሎ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

ሞስኮ ውስጥ ግሩንያ ሱካሬቫ የተባለች ሐኪም በ1925 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ልጆችን ገልጻ ጽፋ ነበር፤ የሚያስታውሳት ግን ጥቂት ነው። ዝናው የሊዮ ካነር ሆነ፤ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የ11 ልጆችን ታሪክ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ብሩኖ ቤተልሃይምን የመሰሉ ጸሐፊዎች ጥፋቱን «ፍቅር በነሷቸው» እናቶች ላይ ጣሉት። ይህን የሞገተው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበር፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ መነሻው ሥነ ሕይወታዊ መሆኑን ተከራከረ። እኛም አገር ነገሩ ለእርግማንና ለክፉ መንፈስ ሲሰጥ የኖረ ሲሆን፣ ወቀሳው የሚያርፈው እዚያው እናት ላይ ነው።

ልጆቹን ደረጃ በደረጃ የሚያስተምረው ዘዴ፣ ተግባራዊ የባህርይ ትንተና (በአጭሩ ኤቢኤ)፣ መነሻው ቀላል ነው፤ ጥቅም ያስገኘ አድራጎት ይደገማል። ስለዚህ ከአድራጎቱ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያስ ምን ተከተለ ተብሎ ይመዘገባል። ፀጉሩ ሊበጠር ሲል የሚጮህ ልጅ ይታሰብ። እናቱ ደንግጣ ማበጠሪያውን ታስቀምጣለች፤ ልጁም ጩኸት ከማበጠሪያ እንደሚያድን ይማራል። ባለሙያው ጩኸቱን በቁጣ አያፍነውም፤ ምትኩን ያስተምራል። ማበጠሪያው አንዴ ብቻ ያልፋል፣ የልጁ እጅ ተይዞ «በቃ» የሚለውን ምልክት ያሳያል፣ ማበጠሩም ወዲያው ይቆማል። ሲለምደው ሁለቴ፣ ከዚያ ሦስቴ ይሆናል፤ እጁን የመያዙ እገዛም ቀስ በቀስ ይቀራል።

ዘዴውን ያስፋፋው ኢቫር ሎቫስ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ከተማሩ 19 ልጆች 9ኙ በመደበኛ ክፍል አንደኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ ጻፈ። በሥራው ቅጣትም ነበረበት፤ ይህ ዛሬ በጽኑ ይወገዛል። ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ደግሞ ዓይን ለዓይን እንዲያዩ መገደዳቸውና ማንንም የማይጎዳ የእጅ ማርገብገብ መከልከላቸው እንዳቆሰላቸው ይመሰክራሉ። ቅሬታቸው ትክክል ነው፤ መማር ያለበት ልጁን የሚጠቅመው ነገር ነው።

አርባ ሰዓት ለአዲስ አበባ ወላጅ የማይታሰብ ነው። ያም ሆኖ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ተከተለ። ከመዲናዋ ውጪ ያለው አገልግሎት ግን እጅግ አነስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል፤ ልምምዱ በምግብ፣ በጨዋታና በልብስ ማልበስ ሰዓት፣ እዚያው ቤት ውስጥ ይካሄዳል።